ጅቡን ያቀላችው ሙኒያ

ሙኒያን ጅብ የነከሳት በዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ተወልዳ ያደገችው ከድሬ ዳዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው ገጠር፣ ዋሂል ነው። ያን ቀን ገና ወገግ ሳይል፣ ቲማቲም ወደ ቀፊራ ገበያ የሚጭነውን መኪና ለመጠበቅ ከእናቷ ጋር አስፋልቱ ዳር ቆመው ነበር። ጅቡ ከቁልቋሉ አጥር ኋላ ድምፅ ሳያሰማ ወጥቶ ፊቷን ያዛት። እናቷ ቅርጫቱን ጥላ በድንጋይ አናቱን ትቀጠቅጠው ጀመር። አልለቀቀም። ልጅቱን በጉንጯ እንደያዘ ሃያ እርምጃ ያህል ጎተታት። መጨረሻ ላይ እናቷ ላዩ ላይ ወድቃ አውራ ጣቷን ዓይኑ ውስጥ ሰነቀረች፤ ያኔ ጮኾ ተፈናጠረ። ሙኒያ ራሷን አልሳተችም ነበር። የጅቡ ትንፋሽ ምን ምን እንደሚል፣ የጉንጯ አጥንት ሲሰበር ጆሮዋ ውስጥ ምን ዓይነት ድምፅ እንደተሰማት እስከ ዛሬ ትናገራለች። ስትናገር ድምጿ አይለወጥም፤ እጇ ግን ሁልጊዜ ወደ ሻሿ ጫፍ ይሄዳል።

ግራ ጆሮ የላትም። ከግራ ቅንድቧ እስከ አገጯ የሚወርድ ጠባሳ አለ፤ ግራ ዓይኗም ተኝታ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይከደንም።

እኔ ኑሀሚን እባላለሁ። ከዚራ በሚባለው የድሬ ዳዋ ሰፈር፣ ሙኒያ ከምትሠራበት ፎቶ ቤት አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ቺፑድ ስለሆነ፣ እሷ ስታስነጥስ እኔ «ይማርሽ» እላለሁ። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖረናል። ስለዚህ የምነግራችሁን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግማሹን ራሷ ነግራኛለች።

ሥራዋ ፎቶ ማረም ነው። የድሬ ፀሐይ ፎቶ ታበላሻለች፤ ቀትር ላይ የተነሣች ሙሽራ ግንባሯ ነጭ፣ ዓይኗ ሥር ጥቁር ጉድጓድ ሆና ትመጣለች። ሙኒያ ግንባሩን ታበርደዋለች፣ ጥላውን ታነሣለች፣ ለቀሚሱ ወርቁን ትመልስለታለች። ሙሽሮች መጀመሪያ ፊቷን ሲያዩ ይደነግጣሉ። ሥራዋን ካዩ በኋላ ግን ሌላ ሰው እንዲነካላቸው አይፈልጉም። የሌላውን ሰው ፊት ስታስተካክል ስትውል ስለራሷ ፊት ምን እንደምታስብ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ ይሳቅ አንድ ፎቶ ይዞ መጣ። ይሳቅ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ እሁድ እሁድ ሠርግ ያነሣል፣ በሌላው ቀን ካሜራውን አንጠልጥሎ የዱር እንስሳ ፍለጋ ይዞራል። ለአንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ትልቅ ፎቶ እንዲያዘጋጅ ተጠይቆ ነበር። ሚሞሪውን ሰካና ስክሪኑ ላይ ከፈተላት።

«ምን ይመስልሻል?» አላት።

«ውሻ» አለች ሙኒያ።

ይሳቅ ሳቀ፤ ግን ውሸቷን አልነበረም። ፎቶው የተነሣው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከከተማው ዳር ኮረብታ ሥር ነው። ሁሉ ነገር አመድ ነው፦ መሬቱ አመድ፣ ሰማዩ አመድ፣ መሀል ላይ የቆመውም ጅብ አመድ። ያረጀ ጅብ ነው። ከታችኛው ጥርሱ ግማሹ የለም። አፉ ላይ የጨጓራ ቁራጭ ተንጠልጥሏል። በፎቶው ግራ ጠርዝ ላይ የሰው እጅ ይታያል፤ ያን ጨጓራ የሰጠው እጅ።

እጁ የአው ሙመድ ነበር። አው ሙመድ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበት እያላቸው ባቡር ጣቢያ ዕቃ ይሸከሙ ነበር። ካረጁ ወዲህ በየቀኑ ከቄራ ተረፈ ሥጋ በጆንያ ይዘው ይወጡና፣ ከቤታቸው ኋላ ለጅቦቹ ይበትናሉ። የጠገበ ጅብ የሰው ፍየል አይነካም ይሉ ነበር። ሰፈሩም ለምዷቸዋል፤ ማንም ምንም ብሏቸው አያውቅም።

«ስሜት የለውም» አለ ይሳቅ። «እኔ እዚያ ቆሜ ፍርሃት ይዞኝ ነበር። ፎቶው ላይ ግን የለም። ያንን አምጪልኝ። እጁንም አውጪው፤ የሰው እጅ ካለበት ዱር አይመስልም።»

ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ «ለሌላ ሰው ስጠው» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን «እዚህ ተወው። ነገ ከሰዓት ና» አለችው።

በማግሥቱ ወረቀት ልዋሳት ስገባ ጅቡ ላይ ተደፍታ አገኘኋት። እጁን ከጠርዙ ቆርጣ ጥላዋለች። አመድ የነበረውን መሬት ወደ ቡናማ ቀይ ወስዳዋለች። ኮረብታውን ጥቁር ሰማያዊ እስኪሆን አጨልማው፣ ብርሃኑ ሁሉ ጅቡ ፊት ላይ ብቻ እንዲቀር አድርጋለች። ደብዝዞ የነበረውን ዓይኑን አበራችው፤ ቢጫ ነጥብ አስገባችበት። የጎደለውን ጥርስ ከሌላ ፎቶ ቀድታ ሞላችለት። ከዚያ አፉን አቀረበችና፣ ጨጓራው የነካካውን እርጥብ ቦታ መርጣ ቀዩን ቀለም ወደ ላይ ገፋች። ገፋች። ገፋች። ምራቁ ደም ሆነ። እንደገና ጥቂት አጠቆረችው፤ የረጋ ደም ሆነ።

እጇ አይቆምም ነበር። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ጠባሳዋ በሙሉ ወጥቷል፤ አልሸፈነችውም።

«ሙኒያ፣ ይሄ እኮ ደም ሆነ» አልኳት።

«አዎ።»

«ይሳቅ ደም አላለም።»

ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «እኔ የማውቀው ጅብ ይሄ ነው» አለች። «የእሱ ፎቶ ነው ውሸቱ። አሁን ገና እውነቱን መሰለ።»

ይሳቅ ሲያየው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተራመደ። እስቲ አስቡት፣ ፎቶውን ያነሣው እሱ፣ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ወደ ኋላ ተራመደ። «ወይ ሙኒያ! ምን አድርገሽው ነው?» አለ። ያንኑ ቀን ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ሥሩ «ድሬ ዳዋ፣ ከከተማው ዳር» ብቻ ብሎ ጻፈ። ሰው ተቀባበለው። እሷም የዚያን ሰሞን ደስ ብሏት ነበር፤ ዘፈን እያንጎራጎረች ስትሠራ በግድግዳው በኩል እሰማታለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ዲና ሞተች።

ዲና የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው የከተማው መጨረሻ ላይ፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ነው። አባቷ ሞሐሙድ የጭነት መኪና ላይ ይሠራል፤ እናቷ ሰገል ትባላለች። ማለዳ ላይ ሰገል ለልጇ ፊት ማስታጠቢያ ውኃ ስትቀዳ፣ ልጅቱ ሽንት ልትሸና ከበሩ ወጣ አለች። እናትየው የሰማችው የጆግ መውደቅ የመሰለ ድምፅ ብቻ ነው። ስትወጣ በአቧራው ላይ የመጎተት ምልክት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ዱላ ይዞ ምልክቱን ተከተለ። ጅቡ ሰው ሲመጣበት ጥሏት ሸሸ። ልጅቱን ያገኟት ወንዙ ውስጥ ካለ ቋጥኝ ሥር ነው። ሞሐሙድ ጃኬቱን አውልቆ ሸፈናት፤ ሌላው ሰው ያየውን አይቷል፣ እኔ አልጽፈውም።

አራት ሰዓት ሳይሞላ ፎቶው በየስልኩ ነበር። ማን እንደጀመረው እስከ ዛሬ አይታወቅም። የይሳቅ ስም የለበትም፤ ሥሩ «ዲናን የበላው ይህ ነው። ደሟ ገና ከአፉ አልደረቀም» የሚል ተጽፎበታል። ጉርድ ፎቶ ልትነሣ የመጣች አንዲት ሴት ናት ስልኳን ለሙኒያ የዘረጋችላት። «እዪው! እዪው ይሄን አረመኔ! የልጅቱ ደም እኮ ነው!»

ሙኒያ አየች። ከግድግዳው ወዲህ ወንበሯ ሲንኳኳ ሰማሁና ሮጬ ገባሁ። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ሴትየዋ ያዘነች መስሏት «አይዞሽ እህቴ» ትላታለች።

ለይሳቅ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር እኔም ሰማሁ።

«የድሮ ፎቶ ነው ብለህ ጻፍ» አለችው። «አሁኑኑ። ቀለም ነው በል። ጅቡ ጥርስ እንኳ የለውም በል።»

«ከእኔ ገጽ ላይ አጥፍቼዋለሁ» አለ።

«ማጥፋት ምን ይረዳል! ጻፍ ነው የምልህ!»

«ሙኒያ፣ ሰዉ ተቆጥቷል። አሁን ብቅ ብል እኔ ላይ ነው የሚዞረው። ትንሽ ይብረድ።» ከዚያ ዘጋው። ደጋግማ ደወለች፤ አላነሣም።

ሰባት ሰዓት ገደማ ከመንገዱ በኩል ጩኸት ሰማንና ወጣን። ሰዉ ኮረብታው ሥር ያለውን ዋሻ ከብቦ፣ ጎማ አቃጥሎ ጭሱን ወደ ውስጥ ሲነፋ ነው ያረፈደው። ሁለት ጅቦች ታፍነው ሲወጡ በፌሮና በመጥረቢያ ተቀበሏቸው። አሁን ሬሳቸውን በገመድ ከባጃጅ ኋላ አስረው ከተማ ውስጥ ይጎትቷቸዋል። አንዷ ሴቴ ናት፤ ሆዷ በአስፋልቱ ተተልትሎ ተቀዷል። እርጉዝ ነበረች። የሚጎተተው ነገር ጥቁር መሥመር እየጣለ በዛፎቹ ሥር አለፈ። አንድ ጎልማሳ እየሮጠ ጭንቅላቷን በፌሮ ይመታል፤ የሞተውን ጭንቅላት ደጋግሞ ይመታል፣ ያለቅሳልም።

ሙኒያ አንድም ጊዜ ፊቷን ሳታዞር አየች።

«ደስ ይለኛል ብዬ ነበር» አለችኝ። «ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በሕልሜ ጅብ ስገድል ነው የኖርኩት።» ከዚያ ጎንበስ ብላ የቦዩ ጠርዝ ላይ አስመለሳት።

ገና አፏን ሳትጠርግ ሚክዳድ መጣ። ሚክዳድ ከደጃችን የማይጠፋ ባጃጅ ነጂ ነው። ባጃጁን እንኳ በትክክል ሳያቆም፣ «አው ሙመድን ሊገድሉት ነው!» አለ። «‹የሰው ሥጋ ያስለመዳቸው እሱ ነው› ብለው ወደ ቤቱ እየሄዱ ነው። ፎቶው የተነሣው ከቤቱ ኋላ እንደሆነ ኮረብታውን አይቶ ያወቀ ሰው አለ።»

ሙኒያ ገብታ የመጀመሪያውን ፎቶ፣ አመዱን፣ ስልኳ ላይ ጫነች። ገመዱን የሰካሁላት እኔ ነኝ። ከዚያ ሦስታችንም ሄድን።

መንገዱ ላይ ሦስቴ ያህል «ፖሊስ ይምጣ፣ እኛ ምን እናደርጋለን?» ብያታለሁ። ሚክዳድ ለፖሊስ ደውሎ ነበር፤ እየመጡ ነው ብለውታል።

ስንደርስ የሰዉ ብዛት ቤቱን ከልሎታል። ቆርቆሮው ተገንጥሏል፤ ጆንያው፣ ባልዲው፣ የመስገጃ ምንጣፉ ውጭ ተበትኗል። አው ሙመድን ከደጃቸው ካለው የግራር ግንድ ጋር አስረዋቸዋል። ሽርጣቸው እስከ ጉልበታቸው በደም ርሷል። አንድ ዓይናቸው ቦታው ላይ አልነበረም፤ ማለቴ እብጠቱ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አልቻልኩም፤ በኋላ ነው የፈሰሰ መሆኑን የሰማነው። ድንጋይ በመጣ ቁጥር ጭንቅላታቸው ወደ ኋላ ሄዶ ግንዱን ይመታል። አይጮኹም። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

እኔ ከባጃጁ አልወረድኩም። ይህንን መደበቅ አልፈልግም። እግሬን መሬት አሳረፍኩና መልሼ አስገባሁት።

ሙኒያ ወረደች። በሰዉ መሀል በክርኗ እየገፋች ገብታ ከአው ሙመድ ፊት ቆመች። ሻሿን ከራሷ ገፍፋ ጣለች። ጆሮ የሌለው ጎኗ፣ ከቅንድብ እስከ አገጭ የወረደው ጠባሳ፣ የማይከደነው ዓይን ሁሉ ለፀሐዩ ወጣ።

«ዋራቤሳ!» ብላ ጅብን በኦሮምኛ ስሙ ጠርታ ጮኸች። «እኔን ዋራቤሳ በልቶኛል! እዩኝ! ከእናንተ መሀል እንደኔ የተበላ አለ?»

ድንጋይ የያዘ እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። በአማርኛ ቀጠለች፤

«ያያችሁትን ፎቶ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሙኒያ እባላለሁ። ፎቶው ከተነሣ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ጅቡ ሽማግሌ ነው፤ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱን እኔ ነኝ የሠራሁለት። ይኸው እዩ!» ስልኳን ከፍ አደረገች። ግን በዚያ ፀሐይ የስልክ ስክሪን ለማን ይታያል? ከፊት ያለው እንኳ ዓይኑን አጨንቁሮ ምንም አላየም። «ደሙ ደም አይደለም! ደሙ ቀለም ነው!»

እዚህች ቃል ላይ ነው የተበላሸው። ከኋላ ያለው ሰው የሰማው መጨረሻዋን ብቻ ነው።

«የልጅቱ ደም ቀለም ነው ትላለች!» አለ አንዱ።

«ምን አለች?»

«የዲናን ደም ቀለም ነው አለች!»

የመጀመሪያው ድንጋይ ትከሻዋን መታት። ስልኩ ከእጇ ወደቀ። ሁለተኛው አፏን አገኘው። ስትወድቅ አየኋት፤ ወድቃም ወደ ኋላዋ ተንፏቅቃ የሽማግሌውን እግር በጀርባዋ ሸፈነች። አንድ ረጅም ሰው ቀርቦ ጎኗን በእርግጫ መታት፤ ድምፁ ባጃጁ ድረስ ተሰማኝ። ሚክዳድ «ቁሙ! በአላህ ቁሙ!» እያለ ሲገባ በዱላ ግንባሩን ፈነከቱት፤ ደሙ ዓይኑን ሞላው። አንዲት ሴት ትልቅ ድንጋይ በሁለት እጇ ተሸክማ ስትቀርብ አስታውሳለሁ፤ ፊቷ ክፉ አልነበረም፤ የደከማት የቤት እመቤት ፊት ነበር። ድንጋዩን የሙኒያ ቁርጭምጭሚት ላይ ጣለችው።

የዲና አባት የደረሰው ያኔ ነው። ልጁን ቀብሮ ከሰዎች ጋር እየተመለሰ ነበር፤ እጁ ላይ የመቃብሩ አፈር አለ። ሰዉ ማን እንደሆነ ሲያውቅ መንገድ ለቀቀለት። ምናልባት የመጨረሻውን ድንጋይ እሱ እንዲወረውር ጠብቀው ይሆናል። አንዱ ድንጋይ ሊያቀብለው እጁን ዘረጋለት።

ሞሐሙድ ድንጋዩን አልተቀበለም። አው ሙመድን አየ፣ መሬት የወደቀችውን ሴት አየ።

«ልጄን ለመቅበር ስንት ሰው እንደመጣ ታውቃላችሁ?» አለ። ድምፁ ደክሞ ነበር። «አሥራ አራት። ቆጥሬያለሁ። እዚህ ግን ስንት ናችሁ?»

አፈር ያለበትን እጁን አነሣ።

«የዲናን ስም አትጥሩ። በእሷ ስም ሰው አትገድሉም። የምትገድሉ ከሆነ በራሳችሁ ስም ግደሉ።»

ሄዶ ገመዱን ለመፍታት ሞከረ፤ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ከሕዝቡ መሀል አንድ ሰው ቢላ ይዞ መጣና ቆረጠለት። ያ ሰው ቅድም ሙኒያን የረገጠው ረጅሙ ሰው ነው። አልሳሳትም፣ ሸሚዙን አውቀዋለሁ። ፖሊስ ደርሶ ወደ ሰማይ ሲተኩስ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ። እኔም ያን ጊዜ ነው የወረድኩት። አው ሙመድን ባጃጁ ውስጥ አስገባናቸው፤ ጭንቅላታቸው ጭኔ ላይ ነበር፤ ሙኒያ አጠገቤ ተቀምጣ መዳፏ ላይ የተሰበረ ጥርስ ይዛለች። ሚክዳድ በአንድ እጁ ግንባሩን ይዞ በአንድ እጁ ወደ ሆስፒታል ነዳ።

ሙኒያ ሁለት ጥርስ፣ ሁለት የጎድን አጥንትና ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ ለሁለት ወር ከቤት አልወጣችም። አው ሙመድ ተረፉ፤ አንድ ዓይናቸው ግን ጠፋ። ሴት ልጃቸው ዋሂል አካባቢ ስለምትኖር ወደዚያ ወሰደቻቸው። ሰባት ሰዎች ታስረው ነበር፤ የአምስቱ ጉዳይ እስካሁን በፍርድ ቤት ነው። ሙኒያ ምስክርነት ስትሰጥ መርማሪው ስለፎቶው ጠየቃት። ቀዩን እንዴት እንደገፋችው፣ ጥርሱን ከየት እንደቀዳች፣ እጁን ለምን እንደቆረጠች አንድ በአንድ ነገረችው። መርማሪው መጻፉን አቁሞ «ይሄ እኮ ወንጀል አይደለም፣ ሥራሽ ነው» አላት። «አውቃለሁ። ግን ጻፈው» አለችው።

ይሳቅ ሆስፒታል መጥቶ በር ላይ ቆሞ አለቀሰ። በኋላ የመጀመሪያውንና የታረመውን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ ለጠፈ፤ ሁሉንም ጻፈ፣ የራሱንም ዝምታ ሳይቀር። ያየው ሰው ቀዩን ፎቶ ካየው ሰው እጅግ ያንሳል። ምግብ ቤቱ ፎቶውን አልፈለገም። ሙኒያ ከእሱ ጋር ሰላምታ አላቋረጠችም፤ የእሱን ሥራ ግን እስካሁን አልተቀበለችም።

መራመድ እንደቻለች መጀመሪያ የሄደችው ዋሂል ነው። አብሬያት ሄድኩ። አው ሙመድ ከጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ሳመችና ያደረገችውን በኦሮምኛ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። በቀረው ዓይናቸው ጠባሳዋን ሲያዩ ቆዩ።

«ያንቺ ጅብ የት ነበር የያዘሽ?» አሉ።

«እዚሁ ነው፣ አባ። አስፋልቱ ዳር።»

«እኔ ደግሞ አንድም ቀን አልነከሱኝም» አሉ። «ሰው ነው የነከሰኝ። የእኔና ያንቺ ነገር አይገናኝም። አላህ ይቅር ይበልሽ፤ እኔ ገና ነኝ። ሌላ ጊዜ ተመልሰሽ ነይ።»

በየወሩ ትሄዳለች። ይቅር ብያለሁ አላሉም፤ አትምጪም አላሉም።

ሰኔ ላይ፣ ሙኒያ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች ከሁለት ወር በኋላ፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመች። ከእኔ ሱቅ አልፋ ስትገባ አላወቅኋትም ነበር። በግድግዳው በኩል ሙኒያ በድንገት ስትነሣ ሰማሁ።

«ሰገል ነኝ» አለች ሴትየዋ። «የዲና እናት።»

እኔም ገባሁ፤ የዚያን ቀን ከባጃጁ እንዳልወረድኩ ስለማስታውስ፣ ወንበር እንኳ ላቅርብ ብዬ።

ሰገል ስልኳን አወጣች። «ልጄ ፎቶ የላትም። ያለችበት ይሄ ብቻ ነው።» የዘመድ ሠርግ ላይ፣ አረንጓዴ ድንኳን ውስጥ የተነሣ የሃያ ሰው ፎቶ ነው። ዲና ከዳር፣ ከአንድ ሴት ክንድ ኋላ ብቅ ብላ ትታያለች። ግማሽ ፊቷ ደብዝዟል፤ በድንኳኑ ቀለም ምክንያት ቆዳዋ አረንጓዴ ሆኗል። «ብቻዋን አውጥተሽ አሳምሪልኝ።»

ሙኒያ እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች። «እህቴ፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ባሌ ነግሮኛል።»

«እኔ ልነካት አልችልም። ጎበዝ ሰው አውቃለሁ፣ እዚያ ማዶ—»

«ሌላ ቤት ሄጄ ነበር» አለች ሰገል። «ሠርተው ሰጡኝ። ፈረንጅ አደረጓት። ከንፈሯን አቀሉት፣ ዓይኗን አተለቁት። ልጄ አይደለችም። አንቺ የቱ ውሸት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ሙኒያ ወንበሯን ወደ ጎን ሳበችና፣ ሰገል ከስክሪኑ ፊት አጠገቧ እንድትቀመጥ ቦታ ለቀቀች። በሩን ቆለፈችው። ከሰዓቱን ሙሉ ሌላ ደንበኛ አልገባም።

አረንጓዴውን ትንሽ ትንሽ እያደረገች አወጣችው። በእያንዳንዱ ጊዜ ትቆምና ትጠይቃለች።

«አሁንስ?»

«ጠይም ናት። ቀላች፤ ቀንሺው።»

«እንዲህ?»

«ትንሽ። ግንባሯ ላይ ጠባሳ ነበራት፣ ከበር ጋር ተጋጭታ። ጠፍቷል።»

«ፎቶው ላይ አይታይም እኮ።»

«እንግዲያው ተዪው። የሌለ አትጨምሪ።»

የደበዘዘውን ግማሽ ፊት ለማጥራት ብዙ ደከመች፤ አልሆነም። ያልታየውን ከራሷ መሥራት ትችል ነበር፤ እጇም የለመደው ነው። ለሰገል ነገረቻት። ሰገል «ደብዝዞ ይቅር» አለች። «ዝም ብላ ቆማ አታውቅም፤ ስትንቀሳቀስ ነው።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታተመ። ሰገል ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። አላለቀሰችም። «እንዳትታጠፍብኝ» ብላ ካርቶን ጠየቀች። ከእኔ ቤት አመጣሁላት። በካርቶኑ መሀል አድርጋ፣ በሻሿ ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ አስደግፋ ያዘችው፤ ሚክዳድም ባጃጁን አስነሥቶ ወደ ቤቷ ወሰዳት።